የኤምኤምኤ ነጥብ እንዴት ይሰጣል? በአማርኛ የነጥብ ካርድ ስልካችሁ ላይ አዘጋጁ

ከሲታክ ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድን ይዞ ወደ ደቡብ የነዳ ሰው ብዙም ሳይቆይ ፌደራል ዌይ ይደርሳል። የዩኤፍሲ የቀላል ክብደት ሻምፒዮን የነበረው ቤንሰን ሄንደርሰን ያደገው እዚያ ነው፤ ዲኬተር ሃይስኩል የተማረ የጎረቤት ከተማ ልጅ ነው። ሄንደርሰን ኦገስት 11 ቀን 2012 ዴንቨር ላይ ከፍራንኪ ኤድጋር ጋር ተጋጥሞ ቀበቶውን አስጠበቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱ ዳኞች የሰጡት ነጥብ ይህን ይመስል ነበር፦

• አንዱ ዳኛ፦ ሄንደርሰን 46፣ ኤድጋር 49
• ሌላው ዳኛ፦ ሄንደርሰን 48፣ ኤድጋር 47
• ሦስተኛው ዳኛ፦ ሄንደርሰን 48፣ ኤድጋር 47

አሁን የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱና ደምሩት። ሄንደርሰን 142፣ ኤድጋር 143 ይመጣል። አሸናፊ የተባለው ግን ሄንደርሰን ነው። በጠቅላላ ድምር ያነሰው ሰው ቀበቶውን ይዞ ወጣ፤ በደንቡ መሠረት ደግሞ ይህ ምንም ስህተት የለበትም።

ቅዳሜ ማታ ግጥሚያ አይተን ስንከራከር የምናድረው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አሠራር ሳናውቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ቀጥሎ ቴክኖሎጂ የት እንደሚረዳና የት እንደማይረዳ እናያለን። በመጨረሻም በጉግል ሺትስ ወይም በኤክሴል የራሳችሁን የአማርኛ የነጥብ ካርድ እንዴት እንደምትሠሩ ደረጃ በደረጃ እናሳያለን።

ዳኞቹን የሚመድበው ማን ነው?

ብዙ ሰው ዳኞቹን ዩኤፍሲ የሚቀጥራቸው ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ዳኛ የሚመድበው የስቴቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። በዋሽንግተን ስቴት ይህ መሥሪያ ቤት መንጃ ፈቃድ የምናወጣበት ያው ዲፓርትመንት ኦፍ ላይሰንሲንግ ነው። ተፋላሚው፣ አዘጋጁ፣ ሰዓት ያዡ፣ የመሃል ዳኛውና የነጥብ ዳኞቹ ሁሉ ፈቃድ የሚያወጡት ከእሱ ነው።

የመሃል ዳኛውና የነጥብ ዳኞቹ ሥራቸው የተለያየ ነው። የመሃል ዳኛው ኬጁ ውስጥ ሆኖ ደንብ ያስከብራል፤ አደጋ ካየ ያስቆማል፤ ነጥብ ግን አይሰጥም። ነጥብ የሚሰጡት ከኬጁ ውጭ በሦስት የተለያየ አቅጣጫ የሚቀመጡ ሦስት ዳኞች ናቸው። እርስ በርስ አይመካከሩም። አንዱ ፊት ለፊት የሚያየውን ቡጢ ሌላው ከጀርባ ሊያየው ስለሚችል ካርዶቻቸው ቢለያዩ አይገርምም።

«አስር የግድ»፦ የነጥቡ ሥርዓት

ሥርዓቱ ከቦክስ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ነው፤ መደበኛ ግጥሚያ ሦስት ዙር፣ የሻምፒዮና ግጥሚያ አምስት ዙር አለው። ዳኛው በየዙሩ መጨረሻ ለዙሩ አሸናፊ 10 ነጥብ የግድ ይሰጣል፤ ለተሸናፊው ደግሞ 9 ወይም ከዚያ በታች።

• 10 ለ 9፦ አንዱ በትንሽም በመጠኑም ሰፋ ባለ ልዩነት አሸንፏል። አብዛኛው ዙር ይህ ነው።
• 10 ለ 8፦ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ዳኛው ያደረሰውን ጉዳት፣ የበላይነቱንና የበላይነቱ የቆየበትን ጊዜ ይመዝናል።
• 10 ለ 7፦ ተጋጣሚው ሙሉ በሙሉ ተደምስሷል፤ የመሃል ዳኛው ሊያስቆመው ጥቂት ቀርቶት ነበር።
• 10 ለ 10፦ ምንም ልዩነት የለም። የተፈቀደ ቢሆንም ከስንት አንዴ ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት ቡጢ በልጦ ያሸነፈውም፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ተጋጣሚውን ሲያሯሩጥ የነበረውም ሁለቱም 10 ለ 9 ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱን ዙር በመጠኑ ሰፋ ባለ ልዩነት 10 ለ 9 አሸንፎ ሁለቱን ዙር በጠባቡ የተሸነፈ ሰው 29 ለ 28 ይሸነፋል። «ግን እኮ የበለጠ የመታው እሱ ነው!» የሚለው ጩኸት ከዚህ ይመጣል። ነጥቡ የሚቆጥረው የቡጢ ብዛት ሳይሆን ያሸነፋችሁትን ዙር ነው።

ዳኛው ምኑን ነው የሚያየው?

የጋራ ደንቡ መሠረት የተጣለው በ2000 እና 2001 ኒው ጀርሲ ላይ ነው። የነጥብ መስፈርቱን የአሜሪካ የቦክስ ኮሚሽኖች ማኅበር በ2016 አሻሽሎ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል አድርጓል። መስፈርቱ ሦስት ደረጃ አለው።

1. ውጤታማ ምት እና ውጤታማ ትግል። ቡጢ፣ እርግጫ፣ ክርንና ጉልበት ምን ጉዳት አደረሱ? ትግሉስ ተጋጣሚውን እጅ ወደ ማሰጠት ወይም ወደ መምታት አደረሰ?
2. ውጤታማ አጥቂነት። ይህ የሚታየው በመጀመሪያው መስፈርት ፍጹም እኩል ከሆኑ ብቻ ነው።
3. ሜዳውን መቆጣጠር። ይህም የሚታየው በሁለተኛውም እኩል ከሆኑ ብቻ ነው።

ሦስቱ እንደ ፈተና ውጤት አይደመሩም። ፕሮግራም የሚጽፉ አንባቢዎቻችን በቀላሉ ይገባቸዋል፤ «እኩል ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። አብዛኛው ዙር የሚያልቀው የመጀመሪያው ላይ ነው።

ለእኛ ትንሽ የሚከብደው ስለ መጣል ያለው ሕግ ነው። በአገር ቤት ትግል ተጋጣሚውን ጥሎ ጀርባውን መሬት ያስነካ ሰው አሸነፈ፤ ነገሩ አለቀ። በኤምኤምኤ ግን መጣል ብቻውን ብዙ አያስቆጥርም። ጥሎ ምን አደረገ ነው ጥያቄው። መታ? አነቀ? ክንድ ቆለፈ? ጥሎ ዝም ብሎ ከያዘና ከሥር ያለው በክርን እየመታው ከሆነ፣ ዙሩን ከሥር ያለው ሊወስደው ይችላል።

ደንቡ አሁንም ይሻሻላል። ከላይ ወደ ታች በቀጥታ የሚወርድ የክርን ምት ለዓመታት የተከለከለ ነበር፤ ማኅበሩ ክልከላውን ያነሳው በ2024 ሲሆን ለውጡ ከኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

እያንዳንዱ ካርድ አንድ ድምፅ ነው

አሁን ወደ ሄንደርሰንና ኤድጋር እንመለስ። የሦስቱ ዳኞች ነጥብ በአንድ ላይ አይደመርም። እያንዳንዱ ዳኛ የራሱን ካርድ ብቻ ይደምርና አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ያሸነፈው ሁለት ድምፅ ያገኘው ነው። አንዱ ዳኛ ለኤድጋር በሦስት ነጥብ ቢያዳላም ድምፁ አንድ ነው። ሁለቱ ለሄንደርሰን በአንድ በአንድ ነጥብ ቢያዳሉም ሁለት ድምፅ ነው።

ውጤቱ ሲነገር የምንሰማቸው ቃላት ከዚህ የወጡ ናቸው።

• በሙሉ ድምፅ፦ ሦስቱም ለአንድ ሰው።
• በተከፈለ ድምፅ፦ ሁለቱ ለአንዱ፣ አንዱ ለሌላው።
• በአብላጫ ድምፅ፦ ሁለቱ ለአንዱ፣ ሦስተኛው አቻ።
• አቻ፦ ማንም ሁለት ድምፅ ሳያገኝ ሲቀር። ለምሳሌ ሁለት ዳኞች አቻ ብለው ከጻፉ ሦስተኛው ያለው ብቻውን አይበቃም።

የአንድ ዙር ክብደት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው የዲሜትሪየስ ጆንሰን ታሪክ ነው። ጆንሰን ከታኮማ አጠገብ ካለችው ፓርክላንድ የወጣ፣ ከርክላንድ ውስጥ በማት ሂዩም የሠለጠነ ተፋላሚ ነው። ቀበቶውን በተከታታይ 11 ጊዜ ካስጠበቀ በኋላ ኦገስት 4 ቀን 2018 ሎስ አንጀለስ ላይ በሄንሪ ሴሁዶ በተከፈለ ድምፅ ተሸነፈ፤ ካርዶቹ 48 ለ 47፣ 47 ለ 48 እና 48 ለ 47 ነበሩ። ለሴሁዶ ከፈረዱት ሁለት ዳኞች አንዱ አንድ 10 ለ 9 ዙር ለጆንሰን ቢሰጠው ኖሮ ቀበቶው አይሄድም ነበር።

የገንዘብም ጉዳይ አለው። የብዙ ተፋላሚዎች ውል ለመጋጠም የሚከፈል ገንዘብና ለማሸነፍ የሚጨመር ገንዘብ አለው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል ናቸው። ስለዚህ በአንድ ዳኛ ካርድ ላይ ያለች አንዲት ዙር የአንድን ሰው የወራት ድካም ክፍያ በግማሽ ልትቆርጠው ትችላለች።

ድምሩ የሚደብቀው

ዲሴምበር 8 ቀን 2012 ሄንደርሰን ሲያትል ላይ፣ ያኔ ኪ አሬና በሚባለው አዳራሽ፣ ኔት ዲያዝን በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። ካርዶቹ 50 ለ 45፣ 50 ለ 45 እና 50 ለ 43 ነበሩ። 50 ለ 45 ግልጽ ነው፤ አምስቱም ዙር 10 ለ 9። 50 ለ 43ስ?

ሁለት መንገድ አለ። ሁለት ዙር 10 ለ 8 ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ዙር 10 ለ 7። ድምሩን ብቻ አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አትችሉም። ዳታ የሚይዝ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ድምሩን ብቻ ካስቀመጣችሁ ዝርዝሩ አይመለስም፤ ዝርዝሩን ካስቀመጣችሁ ግን ድምሩ በፈለጋችሁት ሰዓት ይገኛል። ካርዳችሁን ስንሠራ ይህን እንጠቀምበታለን።

ግጥሚያው መሃል ላይ ሲቋረጥ

ያው አዳራሽ ታድሶ ዛሬ ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ተብሏል። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ሄንሪ ሴሁዶ ከሶንግ ያዶንግ ጋር አምስት ዙር ሊጋጠም ገባ። በሦስተኛው ዙር የሶንግ ጣት ሳይታሰብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሴሁዶ ዙሩን ቢጨርስም ለአራተኛው መቀጠል አልቻለም። ብዙ ተመልካች ግጥሚያው ውጤት አልባ የሚሆን መስሎት ነበር፤ ግን ካርዶቹ ተከፍተው ሶንግ በቴክኒካል ውሳኔ አሸነፈ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሆን ተብሎ ያልተደረገ ጥፋት ግጥሚያውን ካስቆመ፣ ከአምስት ዙር ሦስቱ ወይም ከሦስት ዙር ሁለቱ ካለቁ በኋላ ከሆነ ካርዱ ይወስናል። ከዚያ በፊት ከሆነ ግጥሚያው ውጤት አልባ ይባላል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች «ለማሟሟቅ» ማባከን የማያዋጣው ለዚህም ጭምር ነው።

ስህተቱ የመደመር ሲሆን

አሁን ወደ ቴክኖሎጂው እንግባ። ማርች 3 ቀን 2012 ዲሜትሪየስ ጆንሰን ሲድኒ ላይ ከኢያን መኮል ጋር ተጋጠመ። ግጥሚያው የመጀመሪያውን የዩኤፍሲ ፍላይዌይት ሻምፒዮን ለመለየት የተዘጋጀ የአራት ሰዎች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነበር። አሸናፊ የግድ ስለሚያስፈልግ፣ አቻ ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ዙር እንዲጋጠሙ አስቀድሞ ተወስኗል።

ሦስቱ ዙር አለቀ፤ ጆንሰን አሸናፊ ተብሎ ታወጀ። ከግጥሚያው በኋላ በተሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ግን ነጥቦቹ ሲጠናቀሩ ስህተት መፈጠሩ ተነገረ። ትክክለኛው ውጤት አቻ ነበር። ተጨማሪው ዙር መደረግ ነበረበት፤ ግን ሕዝብ ከተበተነ፣ ተፋላሚዎቹም ጓንታቸውን ካወለቁ በኋላ ዙር መጨመር አይቻልም። ሁለቱ ጁን 8 ቀን ፍሎሪዳ ላይ እንደገና ተጋጥመው ጆንሰን በሙሉ ድምፅ አሸነፈ፤ ሴፕቴምበር 22 ቀን ደግሞ ቶሮንቶ ላይ ጆሴፍ ቤናቪዴዝን አሸንፎ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ስህተት የፈጠረው የዓይን ወይም የፍርድ ችግር አይደለም። ዳኞቹ የጻፉት ቁጥር በአግባቡ አለመጠናቀሩ ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ የሆነ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሊከላከለው የሚችል ስህተት ነው።

ታዲያ ማሽኑ ራሱ ለምን አይፈርድም?

ይህ ተሞክሯል። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ጁኒየር በኮሪያዊው ፓርክ ሲ ሁን 3 ለ 2 ተሸነፈ መባሉ ዓለምን ካስቆጣ በኋላ፣ የአማተር ቦክስ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ከ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ጀምሮ አምስት ዳኞች ቀይና ሰማያዊ ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ። ቡጢ ሲያርፍ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁልፍ ከተጫኑ አንድ ነጥብ ይመዘገባል።

በወረቀት ላይ ቆንጆ ሐሳብ ነበር። ግን ቀላል ንክኪም፣ ጉልበት የሚያርድ ቡጢም እኩል አንድ ነጥብ ሆነ። በፍጥነት የሚደራረቡ ቡጢዎችን ጣት አይደርስባቸውም። ቦክሰኞችም ነካ አድርጎ መሸሽን ተማሩ። በመጨረሻ በ2013 አማተር ቦክስ ቁልፉን ትቶ ወደ «አስር የግድ» ተመለሰ።

ዛሬም ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የምት ቁጥር ከዳኞቹ ሥራ ውጭ ነው። ባለሙያዎች ለስታቲስቲክስ ይመዘግቡታል እንጂ የነጥብ ዳኞቹ እንዲያዩት አይሰጣቸውም። ስለዚህ «90 ለ 70 መትቶ እንዴት ተሸነፈ?» ከማለታችን በፊት 90ው በሦስቱ ዙር እንዴት እንደተከፋፈለና ምን ጉዳት እንዳደረሰ መጠየቅ አለብን።

ሌሎች መፍትሔዎችም አሉ። ካንሳስ ውስጥ በማርች 2020 ኢንቪክታ የተባለው የሴቶች ውድድር ነጥቡን በየዙሩ መካከል ይፋ ማድረግ ጀመረ፤ ወደ ኋላ የቀረችው ተፋላሚ ማወቋ በቀረው ዙር እንድትጋፈጥ ያደርጋታል። ጆንሰን በኋላ የሄደበት የእስያው ዋን ሻምፒዮንሺፕ ደግሞ ዙር በዙር ነጥብ አይሰጥም፤ ዳኞቹ ግጥሚያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አንድ ነገር ይመዝኑታል። ሁለቱም መንገድ ግን ፍርዱን ለሰው ነው የሚተወው።

የአማርኛ የነጥብ ካርድ አሠራር

በመጀመሪያ በኮምፒውተር አዘጋጁት፤ ከዚያ ስልካችሁ ላይ ትጠቀሙበታላችሁ።

1. አዲስ ሠንጠረዥ ክፈቱ። በመጀመሪያው ረድፍ እነዚህን ርዕሶች ጻፉ፦ ዙር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የቀይ ቅጣት፣ የሰማያዊ ቅጣት፣ ምክንያት። ስልክ ላይ ለመጻፍ የጂቦርድ የአማርኛ ኪቦርድ ይበቃል።

2. ለነጥብ የግእዝ ቁጥር አትጠቀሙ። ፲ እና ፱ በዩኒኮድ የራሳቸው ቦታ ቢኖራቸውም ሠንጠረዡ የሚያያቸው እንደ ፊደል ነው። የድምር ቀመሩ ፊደል ሲያገኝ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ዘሎት ያልፋል፤ ድምሩም 0 ይሆናል። ነጥቡን በ10፣ 9 እና 8 ጻፉ። ዙሩን ግን ፩፣ ፪፣ ፫ ብትሉት ያምራል፤ እሱ ስለማይደመር ችግር የለውም።

3. የነጥብ ሳጥኖቹ ከ7 እስከ 10 ያለ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲቀበሉ አድርጉ። ዳታ ቫሊዴሽን የሚለው ምርጫ ይህን ይሠራል። በጥድፊያ 10ን 100 ብሎ መጻፍ ያለ ነገር ነው።

4. አንድ የመቆጣጠሪያ ዓምድ ጨምሩ። በኢፍ እና በማክስ ቀመሮች «ከሁለቱ ነጥብ ትልቁ 10 ካልሆነ አስተካክል በል» ብላችሁ እዘዙት። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ቀመር ውስጥ የእኛ ነጠላ ሰረዝ ፣ አይሠራም፤ የእንግሊዝኛውን ኮማ ተጠቀሙ። የአማርኛውን ቃል የምታቅፉበትም የትእምርተ ጥቅስ ምልክት « » ሳይሆን ቀጥ ያለው የእንግሊዝኛው ምልክት መሆን አለበት።

5. ቅጣትን ከነጥብ ጋር አትቀላቅሉ። የመሃል ዳኛው ነጥብ ሲቀንስ በቅጣት ዓምድ 1 ብላችሁ ጻፉ። ጠቅላላው የነጥብ ድምር ሲቀነስ የቅጣት ድምር ነው። እንዲህ ካደረጋችሁ ዙሩን ማን እንዳሸነፈና ማን እንደተቀጣ በኋላም ለይታችሁ ታያላችሁ።

6. «ምክንያት» የሚለውን ባዶ አትተዉት። «በግራ እርግጫ አንገዳገደው» ወይም «ጣለው ግን ምንም አላደረገም» ማለት ይበቃል። ምክንያት መጻፍ ያቃታችሁ ዙር ስሜታችሁ የፈረደበት ዙር ነው።

7. ጓደኛሞች ሦስት ከሆናችሁ ሦስት የተለያየ ገጽ ያዙ። መጨረሻ ላይ ሦስቱን ካርዶች እንዳትደምሩ፤ ድምፅ ነው የምትቆጥሩት። ከደመራችሁ ዴንቨር ላይ ቀበቶውን ለኤድጋር ትሰጡታላችሁ።

ስታዩ የአስተያየት ሰጪዎቹን ድምፅ ዝጉት፤ ተንታኞቹ የሚያወድሱትን ሰው ዓይናችሁ ይከተላል። ነጥቡን በዙሮቹ መካከል ባለችው አንድ ደቂቃ ጻፉ፤ ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትቀይሩ። በብዙ ቦታ እውነተኞቹ ዳኞችም የየዙሩን ነጥብ ወዲያው ስለሚያስረክቡ አምስተኛውን ዙር አይተው የመጀመሪያውን ማረም አይችሉም።

ሲድኒና ባርሴሎና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያስተምራሉ። ሲድኒ ላይ ማሽን ሊሠራው የሚገባውን መደመር ሰው ሠርቶት ተበላሸ። ባርሴሎና ላይ ደግሞ ሰው በዓይኑ ሊመዝነው የሚገባውን ነገር ለቁልፍ ሰጥተውት ከሃያ ዓመት በኋላ ተተወ። መደመሩን ለስልኩ ስጡት፤ መፍረዱን ለራሳችሁ አስቀሩ። ክርክሩ በዚህ አያበቃም፤ ግን ቢያንስ «ሦስተኛውን ዙር ለማን ሰጠኸው? ለምን?» ወደሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ይመጣል።